በክፍል ዝምተኛዋ፣ በቴሌግራም ተናጋሪዋ

«ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም። መልሱን እያወቅኩት ልቤ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ሌላ ሰው ይቀድመኛል። ቴሌግራም ላይ ግን ሌላ ሰው ነኝ!»

ይህን ያለችኝ በደቡብ ጎንደር፣ ስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ከተማ ያደገች ወጣት ናት። ስሟ በእኛ ዘንድ ይቆይ። ለመሆኑ ከእናንተስ መሀል እንዲህ ያለ ስንት አለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች የክፍሏ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። ስልኩ የታላቅ ወንድሟ ነው፤ የሚሰጣት ማታ ማታ ብቻ። አንድ ምሽት አንዱ ልጅ የፊዚክስ ጥያቄ ጻፈ። አየችና ዝም አለች። ወረቀት አወጣች፣ ሠራች፣ ሰረዘች፣ ደግማ ሠራች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደብተሯን ፎቶ አንስታ ላከች። በማግስቱ ልጆቹ «አንቺ! ለካ እንዲህ ነሽ?» አሏት።

የኦንላይን ውይይት ትልቁ ጥቅሙ ይኼው ነው፤ ጊዜ ይሰጣል። ክፍል ውስጥ ፈጣኑ ይቀድማል፤ በጽሑፍ ግን አስቦ የሚናገረውም ይደርሳል። ለሌላ ሰው ሲያስረዱ ደግሞ የገባን መስሎን ያልገባን ነገር ይጋለጣል። ለፈተና ሰሞንም ተመልሰው ያነቡታል።

ታዲያ ሁሉም አልጋ በአልጋ አይደለም። አንድ ሰው ይሠራል፣ አሥሩ ይገለብጣል። ከጥያቄው መሀል ስቲከርና የኳስ ወሬ ይገባል። ለእሷ ግን የባሰው ሌላ ነበር። «ጎበዝ ነሽ» ብሎ የጀመራት ልጅ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኢንቦክስ «ፎቶ ላኪልኝ» እያለ ያስቸግራት ጀመር። ግሩፑን ጥላ ልትወጣ ስትል ጓደኛዋ፣ «እሱ ይውጣ እንጂ አንቺ ለምን ትወጫለሽ?» ብላ ለአድሚኑ ነገረችላት። ልጁ ተባረረ።

ስልክ የሌላቸውስ? ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ ከቤተሰብ እየተላከላቸው የሚማሩ ልጆች አሉ። አንዷ ጎረቤቷ ነበረች። ለእሷ ብላ ጥሩ ጥሩውን ማብራሪያ በደብተር ትገለብጥላት ነበር።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም በአገሪቱ ታገደ፤ ልጆቹ ቪፒኤን እያፈላለጉ ቀጠሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋረጠ። ግሩፑ ጭጭ አለ። ያን ጊዜ ለጎረቤት የተጻፈው ደብተር ለሁለቱም ደረሰላቸው፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው በእሱ ሲጠያየቁ ከረሙ።

እሷ አገር ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። የአብነት ተማሪ ነባሩ ለአዲሱ እያስጠና፣ እርስ በርሱ እየተጠያየቀ ነው የኖረው። አዲሱ ስልኩ እንጂ መጠያየቁ አይደለም።

እንግዲህ ግሩፕ ያላችሁ እነዚህን ሞክሯቸው፦

1. መልሱን ብቻ አትለጥፉ። እንዴት እንደደረሳችሁበት ጻፉ፤ ያኔ ገልባጩም ሳይወድ ይማራል።

2. የውይይት ሰዓት ወስኑ፤ ለምሳሌ ከምሽቱ 2 እስከ 3። ቀልዱ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

3. በኢንቦክስ የሚያስቸግራችሁ ካለ መልእክቱን ሳታጠፉ ለአድሚን ወይም ለምታምኑት ታላቅ ሰው አሳዩ። የምታፍሩት እናንተ አይደላችሁም።

4. ስልክ ለሌለው ጓደኛ አንዳችሁ ኃላፊነት ውሰዱ። ጥያቄውን አምጡለት፣ መልሱን አድርሱለት።

5. ዋና ዋናውን በእጃችሁ ጻፉት። ኔትወርክ ይሄዳል፤ ደብተር አይሄድም።

ስንለያይ «አሁንስ ክፍል ውስጥ እጅሽን ታወጫለሽ?» አልኳት። ሳቀች።

«አልፎ አልፎ… መጀመሪያ ግን ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ!»