በገዛ እጅ ስለሚሠራ አይሮፕላንና ከትከሻ በስተኋላ ስለ ተተከለች አንዲት እጀታ

የቤቱ ጉበን ዝቅ ያለ እንደ ሆነ፥ ቤቱን የሠራው ሰው በጨለማም ሲገባ ጎንበስ ብሎ ያልፈዋል፤ እንግዳ ግን ግንባሩን ይመታል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንገልጸው ሰው በመኖሪያው ስለሚሠራው አይሮፕላን ነው፤ ነገሩ ግን ከዚህ ጉበን የራቀ አይደለም።

በአሜሪካ አገር የፋብሪካ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ንድፍ ገዝቶ በትርፍ ጊዜው አይሮፕላን ቢሠራ የተፈቀደ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው የሥራውን የሚበልጠውን ክፍል ለትምህርትና ለደስታ ሲሉ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው እንዲሆኑ ነው። አባት ዓመታት ሲደክምበት ሚስትና ልጆች ክንፉን ይይዙለታል። ወንበሩም ሁለት ሲሆን፥ ሁለተኛው ለማን እንደ ተሰናዳ መገመት አያስቸግርም። በቤተሰብ ገጽ ላይ ነገሩን ማንሣታችንም ስለዚህ ነው።

ይህን ልማድ በአውሮፓ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ሙሴ አንሪ ሚኜ ነበሩ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. «የሰማይ ቅማል» የተባለችውን ትንሽ አይሮፕላን አበረሩ፤ ስሟ ደስ አያሰኝም እንጂ ፍቅሯ ብዙ ሰው ያዘ። በ1934 ዓ.ም. ንድፏን በመጽሐፍ አሳትመው፥ የዕቃ ሣጥን መምታት የቻለ ሰው አይሮፕላንም መሥራት ይችላል ብለው አስተማሩ። በፈረንሳይና በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰዎች ሠሩ፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ወድቀው ሞቱ። በ1936 ዓ.ም. አይሮፕላኒቱ ብርቱ ነፋስ በሚነፍስበት የመመርመሪያ ቤት ስትፈተን፥ አፍንጫዋ ከተወሰነ መጠን በላይ ከዘቀዘቀ ነጂው ሊያቀናት እንደማይችል ታወቀ። ሁለቱ ክንፎች እጅግ ተቀራርበው ስለ ነበር የአንዱ ነፋስ የሌላውን ያውክ ነበር። ጥፋቱ ከንድፉ ስለ ሆነ፥ ጠንቃቃውን ሠሪ ጥንቃቄው አላዳነውም።

ሁለተኛው ታሪክ የዚህ ግልባጭ ነው። ሚስተር በርት ሩታን የነደፉት «ሎንግ ኢዚ» የተባለው አይሮፕላን እጅግ የተመሰገነ ነው፤ ሞቶሩ በስተኋላ ሲሆን ትንሹ ክንፍ በስተፊት ነው። ቤንዚን ከግራው ወይም ከቀኙ ማጠራቀሚያ እንዲመጣ የምታደርገው እጀታ በንድፉ ላይ ከነጂው ፊት በእግሮቹ መካከል ተቀምጣለች። አንድ ሠሪ ግን ቤንዚን ሰው በሚቀመጥበት ክፍል እንዳይገባ አስቦ፥ እጀታዋን ከነጂው ግራ ትከሻ በስተኋላ ተከላት። ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አልነበረም፤ እሳትን መፍራት ተገቢ ነውና። ነገር ግን ወዴት ስትዞር ምን እንደምትከፍት ምንም ምልክት አልተጻፈባትም።

ይህ አይሮፕላን ከጊዜ በኋላ ተሸጦ በዘፈናቸው ዓለም ለሚያውቃቸው ለሚስተር ጆን ዴንቨር ደረሰ። እርሳቸውም ከ2,700 ሰዓት በላይ የበረሩ ነጂ ነበሩ እንጂ ጀማሪ አልነበሩም። ጥቅምት 12 ቀን 1997 በፈረንጆች አቆጣጠር፥ በተረከቡት በማግሥቱ፥ በካሊፎርኒያ ሞንተሬ ከተማ ለመብረር ተሰናዱ። እጀታዋ ሩቅ መሆኗን ዐውቀው ነበር። ከአንድ መካኒክ ጋር ሆነው በፒንሳ ሊያስረዝሟት ሞከሩ፤ አልሆነም። የቤንዚኑ መለኪያም ከኋላ ስለ ነበር መካኒኩ የሚያዩበትን ትንሽ መስተዋት ሰጣቸው። ቤንዚን እንጨምር ሲባሉ፥ የምበርረው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነውና አያስፈልግም አሉ።

ጥቂት ጊዜ ከበረሩ በኋላ አይሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ሲሄድ በድንገት ወደ ባሕር ተወርውሮ ወደቀ፤ እርሳቸውም ሞቱ። መርማሪዎቹ በተመሳሳይ አይሮፕላን ተቀምጠው ነገሩን አጠኑት። እጀታዋን ለመያዝ መሪውን ለቅቆ ወደ ግራ መጠምዘዝ ግድ ነው፤ ሰውነት ሲጠመዘዝ ቀኝ እግር ሳይታወቀው መርገጫውን ይጫናል፤ አይሮፕላኑም ከመንገዱ ይወጣል። የአሜሪካ መንግሥት የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በፍርዱ የቤንዚኑን ማነስና ለአዲስ አይሮፕላን የሚገባውን ልምምድ አለማድረጋቸውን ቈጠረ፤ ደግሞም ሠሪው እጀታዋን በዚያ ስፍራ መትከሉን ጻፈ።

ይኸው ቦርድ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፥ በእጅ የተሠሩ አይሮፕላኖች በአሜሪካ ካሉት የግል አይሮፕላኖች አንድ አሥረኛ ያህል ሲሆኑ፥ በ2011 ዓ.ም. ሰው ከሞተባቸው አደጋዎች ግን ከመቶ 21 እንደ ደረሰባቸው ገለጸ። በዚያ ዓመት ከተመረመሩትም ከግማሽ የሚበልጡት ሠሪው ራሱ የያዛቸው ሳይሆኑ ከሌላ ሰው የተገዙ ነበሩ። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ይህ ቍጥር ነው። ሠሪው ችንካሩንም ቧንቧውንም በእጁ ያውቀዋል፤ አይሮፕላኑ ሲሸጥ ይህ ዕውቀት አብሮ አይሸጥም።

ስለዚህ በውጭ አገር የሚማር ልጃችሁ «ወዳጄ የገዛውን አይሮፕላን ልሳፈር» ብሎ የጻፈላችሁ እንደ ሆነ፥ አትሂድ ከማለት አስቀድሞ የሚጠየቅ ነገር አለ። አይሮፕላኑን ማን ሠራው? ከንድፉ ምን ለወጠ? ወዳጅህስ ገና በምድር ሳለ ዐይኑን ጨፍኖ እጀታዎቹን ሁሉ በየስማቸው ሊነካቸው ይችላልን? መልሱን በደብዳቤ ይጻፍላችሁ።