ቁመት የዘር ነው ወይስ የጓዳ?

ስለ ቁመት ሲነሳ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ቶሎ ያልቃል። «ዘራቸው ነው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ለምስክርነት የሚጠሩትም አብዛኛውን ጊዜ የጋምቤላና የደቡብ ሱዳን መለሎዎች፣ ኑዌሮችና ዲንካዎች ናቸው። ምስክርነቱን እስከ መጨረሻው ለሰማ ግን ሌላም ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሱዳን ውስጥ የተለኩ የዲንካ ወንዶች አማካይ ቁመት ከ181 ሴንቲሜትር በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት ደግሞ ጦርነት አፈናቅሏቸው ኢትዮጵያ ውስጥ በመጠለያ ጣቢያ የነበሩ የዲንካ ወንዶች ሲለኩ አማካዩ ወደ 176 ወርዷል። ሁለቱ ልኬቶች የተወሰዱት ከተለያዩ ቡድኖች ስለሆነ ልዩነቱን በሙሉ በረሃብና በስደት ማመካኘት አይቻልም። ሆኖም የአንድ ሕዝብ ዘር በ40 ዓመት ውስጥ ያን ያህል አይለወጥም፤ የልጆቹ ማዕድ ግን ይለወጣል።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ሁለት ጥያቄዎችን እንደ አንድ ስለምናያቸው ነው። አንደኛው፣ በአንድ መንደር ከሚኖሩ ሰዎች እገሌ ከእገሌ ለምን ረዘመ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ዘር ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከልዩነቱ 80 በመቶ ያህሉን ለውርስ ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ከቁመት ጋር የተያያዙ ከ12,000 በላይ የዘረ-መል ልዩነቶችን ለይቷል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን የአንድ ሕዝብ አማካይ ቁመት ከሌላው ሕዝብ ወይም ከራሱ አያቶች ለምን ተለየ የሚለው ነው። የመጀመሪያው መልስ ለዚህኛው አይሠራም። አንዱን የጤፍ ዘር ከፍለን ግማሹን ማዳበሪያ ባገኘ ማሳ፣ ግማሹን በተሟጠጠ መሬት ብንዘራው በየማሳው ውስጥ ያለው የአገዳ መበላለጥ ከዘሩ ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ከመሬቱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የሚፈትሽ ሰፊ ጥናት አካሂዷል። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጡት የሚጠቡ፣ እናቶቻቸው የማያጨሱ፣ የቤተሰቡ ኑሮ እድገታቸውን የማያደናቅፍ ሕፃናት ተመርጠው ተለኩ። ከጠቅላላው የቁመት ልዩነት ውስጥ አገር ከአገር የሚለየው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የአክራው ሕፃን፣ የኒው ዴልሂው ሕፃንና የኦስሎው ሕፃን የሚያስፈልጋቸውን ሲያገኙ እስከ አምስት ዓመታቸው ጎን ለጎን ያድጋሉ። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ጤና ኬላ የሚለካ ሕፃን የሚመዘንበት መስፈርት የወጣው ከዚህ ጥናት ነው። «ይህ የፈረንጅ ልጅ ልክ ነው» የሚለው ቅሬታ ስለዚህ መሠረት የለውም።

ሆላንዶች ዛሬ በረጅምነታቸው ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተወለዱት ወንዶቻቸው በአማካይ 182 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለውትድርና የሚለኩት ወጣቶቻቸው ግን 165 ሴንቲሜትር ገደማ ነበሩ። በመካከሉ ንጹሕ ውኃ መጣ፣ የሕፃናት ሞት ቀነሰ፣ የቤተሰብ ቁጥር አነሰ፣ ወተትና ሥጋ በየቤቱ ገባ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድሃው ከእድገቱ አልቀረም። የብዙው ሕዝብ ልጆች ከተራቡ የጥቂት ባለጸጎች ልጆች ምንም ቢረዝሙ አማካዩን አያነሱትም፤ ስለዚህ ይህ ቁጥር ከጠቅላላ ገቢ ይልቅ የሀብት ክፍፍልን ያሳያል። ሩጫው መቆሚያ የለውም ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የተወለዱት ሆላንዳውያን በ1980 ከተወለዱት በ1 ሴንቲሜትር ያህል አጥረዋል። በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ከሁሉ በላይ የረዘሙት ደግሞ የደቡብ ኮሪያ ሴቶች ናቸው፤ 20 ሴንቲሜትር ያህል ጨምረዋል።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው ልጁ ገና አፉን ሳይፈታ ነው ማለት ይቻላል። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት 25 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከዚያ በኋላ እንዲህ ባለ ፍጥነት የሚያድግበት ጊዜ በሕይወቱ አይመጣም። አጥንት የሚረዝመው ጫፉ አካባቢ ባለው ልም አጥንት ነው። ምግብ ሲጎድል ሰውነት ልብና አእምሮን ለማቆየት ሲል መጀመሪያ ከሚያቆማቸው ሥራዎች አንዱ ይህን ማርዘም ነው። ተቅማጥና ትኩሳት ሲደጋገሙም የበላው ምግብ ለበሽታው መከላከያ ይውላል። ልም አጥንቱ በጉርምስና ማብቂያ ይደነድናል፤ ስለዚህ ለአዋቂ ሰው «ያስረዝማል» ተብሎ የሚሸጥ ክኒንም ሆነ ዱቄት ገንዘብ ከመብላት ሌላ ሥራ የለውም።

ጊዜው ወሳኝ መሆኑን ከማንም በላይ ያሳየችው ጓቲማላ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 በአራት መንደሮች በተካሄደ ጥናት ሁለቱ ፕሮቲን ያለው አቶሌ የሚባል አጥሚት፣ ሁለቱ ደግሞ ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ ያገኙ ነበር። አጥሚቱ ያስረዘመው ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን ነው፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ቢጠጡትም በቁመታቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ተመልሰው ሲጠይቁ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አጥሚቱን ያገኙት ወንዶች በሰዓት የሚከፈላቸው ገንዘብ በ46 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ከቁመቱ ጋር አእምሮና ጉልበትም አብሮ እንደሚገነባ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

እኛም የራሳችን ማስረጃ አለን፤ መራራ ነው። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ በከፋበት ወቅት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የነበሩ የኢትዮጵያ ገጠር ልጆች ከ20 ዓመት በኋላ ሲለኩ፣ በዚያ ጊዜ ከፍ ካሉት ልጆች ቢያንስ በ5 ሴንቲሜትር አጥረዋል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን የመጨረስ ዕድላቸው ያነሰ፣ ለሕመምም የቀረቡ ነበሩ። ስለዚያ ረሃብ የሚነገረው የሟቾቹ ቁጥር ነው። የተረፉት ግን ረሃቡን በአጥንታቸው ይዘውት አድገዋል።

በደህና ከሚያድጉ 100 ሕፃናት ውስጥ ከመቀንጨር መስመር በታች የሚወርዱት፣ ማለትም ለዕድሜያቸው እጅግ አጭር የሚባሉት፣ 2 ወይም 3 ብቻ ናቸው። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. 58 ነበሩ፤ በ2008 ወደ 38፣ በ2011 ወደ 37 ወርደዋል። መሻሻሉ እውነተኛ ነው፤ የቀረው ግን እጅግ ብዙ ነው። የሚያስጨንቀኝ ደግሞ የ2008ቱ ጥናት በየክልሉ ያሳየው ልዩነት ነው። አዲስ አበባ 15 በመቶ ገደማ ሲሆን አማራ ክልል 46 በመቶ ሆኖ ከሁሉ በልጧል። ብዙው የአዲስ አበባ ሰው እኮ ወላጆቹ ወይም አያቶቹ ከየክልሉ የመጡ ናቸው፤ ልዩነቱን በዘር ማስረዳት አይቻልም። እህል ጠፍቶ ነው እንዳይባል ደግሞ ክልሉ ጤፍና በቆሎ ለገበያ የሚያወጡ ትርፍ አምራች ወረዳዎች አሉት። ችግሩ ጎተራው ሞልቶ የሕፃኑ ሳህን ላይ ያለው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በዚያው ጥናት በአገር ደረጃ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት በቂና የተመጣጠነ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ለጨው፣ ለሳሙናና ለደብተር መግዣ ገበያ ይወጣል። ስድስት ወር የሞላው ልጅ ቀጠን ያለ አጥሚት ወይም በሽሮ የራሰ እንጀራ ይቀርብለታል፤ ሆዱ ይሞላል፣ አጥንቱ ግን የሚፈልገውን አያገኝም። በጾም ወራት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ጹሙ ባትልም ጓዳው ራሱ ይጾማል። እናት ዕቃዬ ይነካካብኛል ብላ እንቁላልና ወተት ከቤት ታርቃለች። ካህናት በአውደ ምሕረት ላይ «ለሕፃኑ አብስሉለት፤ ጾማችሁ አይፈርስም» ሲሉ የሚሰሙባቸው ቦታዎች አሉ፤ ይህ በየአጥቢያው ቢሰማ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ምግብ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ንጽሕናም ብቻውን እንዲሁ። መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠብ ብቻቸውን ምን እንደሚያመጡ በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ በትልልቅ ሙከራዎች ሲፈተሽ፣ የሕፃናቱ ቁመት ላይ ለውጥ አልተገኘም። ይህ ንጽሕና አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ዶሮና ከብት በሚውልበት ግቢ ለሚድህ ልጅ አንድ ጉድጓድና አንድ ሳሙና በቂ አይደሉም ማለት ነው። የእናቲቱም ነገር አለ። ራሷ አድጋ ሳትጨርስ የተዳረች ልጅ ከጽንሷ ጋር ምግብ ትሻማለች፤ ሲወለድ ያነሰ ልጅ ደግሞ ሩጫውን የሚጀምረው ከኋላ ነው። አማካይ ቁመት በአንድ ትውልድ የማይካካሰው በዚህ ምክንያት ነው።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣን ቃል ኪዳን ሲያውጅ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ነበር ያቀደው። ሥራው የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው። በ2013 ዓ.ም. የተነሳው ጦርነት ያረፈውም በዚያው አካባቢ ላይ ነው። ያኔ አንድና ሁለት ዓመታቸው የነበሩ ልጆች የመጨረሻ ቁመታቸው ላይ የሚደርሱት በ2030 ዓ.ም. አካባቢ ይሆናል። የጎደለባቸውን ሁሉ መመለስ ባይቻልም በትምህርት ቤት ምገባና በሕክምና ከፊሉን ማካካስ ይቻላል። ከእነሱ መካከል ሴቶቹ ያለ ዕድሜያቸው ካልተዳሩ፣ በጉርምስናቸው ጠግበው ከበሉ፣ በእርግዝናቸው ጊዜም ክትትል ካገኙ፣ የሚወልዷቸው ልጆች ከእናቶቻቸው የተሻለ ክብደትና ቁመት ይዘው ይወለዳሉ።