ያውቁ ኖሯል? የአጋዘን ስሪያ በጨረቃ አይቆጠርም
በሰሜን አሜሪካ ብዙ አዳኞች የነጭ ጭራ አጋዘንን የስሪያ ወቅት ከጨረቃ ሙላት ጋር ያያይዙታል። ወቅቱን የሚቆርጠው ግን የቀኑ ርዝመት ነው። ቀኑ አጥሮ ሌሊቱ ሲረዝም በአጋዘኑ አካል ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ይበዛል፤ እሱም የመራቢያ ሆርሞኖችን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ በሰሜኑ ግዛቶች ስሪያው በየዓመቱ ኅዳር መግቢያ ላይ ይደራል፤ ከ200 ቀን ገደማ እርግዝና በኋላም ግልገሉ ለምለም ሣር ባለበት ወቅት ይወለዳል።

ከሁሉ የሚደንቀው ማስረጃ ከብሪታንያ ወደ ኒውዚላንድ የተወሰደው ቀይ አጋዘን ነው። በአገሩ በመስከረምና በጥቅምት የነበረው ስሪያው፣ እዚያ ቀኑ ወደሚያጥርበት ወደ መጋቢትና ሚያዝያ ዞረ። ጨረቃዋ ግን ያችው ናት!

አጋዘኑ መቼ እንደሚወጣ በጨረቃ መገመቱ ቀርቶ፣ ዛሬ ዛፍ ላይ የሚታሰር ካሜራ የአጋዘኑን ፎቶ ወዲያው ወደ አዳኙ ስልክ ይልካል። የአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ጀምሮ ይህን ካሜራ ለአደን መጠቀም ከልክላለች፤ ደግ አደረገች።