አሻራና አደራ

የበራችሁ ቁልፍ ቢጠፋ ጓጉንቸሩን ትለውጣላችሁ፤ የመሥሪያ ቤት ማኅተም ቢሰረቅ ሌላ ይቀረጻል። የጣት አሻራ ግን እስከ ዕለተ ሞት ያው ነው። ቅጂው ከክፉ ሰው እጅ ቢገባ በምን ይተካል?

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ መታወቂያ የተመዝጋቢውን የ10 ጣቶች አሻራ፥ የሁለት ዓይኖች ብሌን ምስልና የፊት ፎቶግራፍ ተቀብሎ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። ጥቅሙ ግልጥ ነው፤ አዲሱ አሻራ ቀድመው ከተመዘገቡት ጋር ስለሚመሳከር አንድ ሰው በሁለት ስም ለመመዝገብ ይቸግረዋል።

ይሁን እንጂ የመዝገቡ ጥቅም ከጥበቃው ሊለይ አይገባም። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተረጋገጠ መብት ነው። የግል መረጃን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ እንዲውል ያዝዛል።

ሕጉን በየዕለቱ በሥራ የምትተረጕሙት ግን እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ። ስለዚህ ለጉዳዩ የማያስፈልገውን ከባለጉዳይ አትጠይቁ፤ የመታወቂያውን ቅጂ በጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ አትውጡ፤ የኮምፒዩተራችሁን የይለፍ ቃል ለባልደረባ አታውሱ፤ ዘመድ ቢለምናችሁም የሰውን አድራሻ ከመዝገብ አውጥታችሁ አትንገሩ። እንዲህ ያለው ውለታ ለአንዱ ቸርነት ሲመስል በሌላው ላይ በደል ነው።

አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ባለጉዳዩ ጣቱን በመሣሪያው ላይ ሲያሳርፍ፥ ቢጠፋበት ሊተካው የማይችለውን ንብረት ማስረከቡን እናስብ።