ቅጫም ከመድኃኒት ለምን ይተርፋል?
የነርቭ ተቀባይ ጂኖች በነፍሳት ዕድገት ወቅት

ለራስ ቅማል ፐርሜትሪን የተቀባ ሕፃን ከሳምንት በኋላ ቅማል ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመለስ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በእናቲቱ ላይ ይጣላል። ቅማሉ መድኃኒቱን የተላመደ ወይም ሕፃኑ ዳግም የተያዘ ሊሆን ይችላል። ይሁንና አንዱ ምክንያት የሚገኘው በቅጫሙ፣ ማለትም በቅማሉ ዕንቁላል፣ የነርቭ ዕድገት ውስጥ ነው።

ፐርሜትሪን የሚገድለው በነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ ያለውን የሶዲየም መተላለፊያ ከፍቶ በማቆየት ነው። አይቨርሜክቲን ደግሞ ግሉታሜት ለተባለው የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ተቀባይ የሆነውን የክሎራይድ መተላለፊያ ይከፍታል፤ ይህ ዓይነቱ ተቀባይ በሰው አካል አይገኝም። ሁለቱም መድኃኒቶች የሚሠሩት ዒላማቸው ሲኖር ብቻ ነው።

እነዚህን ዒላማዎች የሚያስገኙት ጂኖች ከመጀመሪያው ሕዋስ ጀምሮ አሉ፤ የሚነበቡት ግን በየጊዜያቸውና በየቦታቸው ነው። በዚህ ረገድ በሚገባ የተጠናችው ድሮሶፊላ የተባለችው የፍራፍሬ ዝንብ ናት። ዕንቁላሏ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በ1 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የነርቭ ሕዋስ የለም። በጡንቻ ላይ ያሉት የግሉታሜት ተቀባይ ጂኖች የሚነበቡትና ነርቭ ጡንቻን ማዘዝ የሚጀምረው በኋለኛው አጋማሽ ነው። የተቀባዩ ስሪትም እንዳለ አይቆይም፤ በአዲስ መገናኛ ላይ «ሁለት-ኤ» የተባለው ክፍል ያይላል፤ መገናኛው ሲበስል «ሁለት-ቢ» እየታከለ ይሄዳል። በሰው ጡንቻም የአሲታይልኮሊን ተቀባይ የፅንስ ጊዜ ጋማ ክፍል በኋላ በኤፕሲሎን መተካቱ ተመሳሳይ ሂደት ነው።

የቅማል ዕንቁላል ዕድገት ከዝንቧ ይዘገያል፤ ለመፈልፈል ከ8 እስከ 9 ቀናት ያህል ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት ገደማ በውስጡ የነርቭ ሥርዓት ስለሌለ ፐርሜትሪን የሚይዘው ዒላማ አያገኝም። ስለዚህ መድኃኒቱ የተፈለፈለውን ቅማል ሲገድል ለጋው ቅጫም ይተርፋል። በ9ኛው ቀን ገደማ መድገም ያስፈለገውም የተረፉት ከተፈለፈሉ በኋላ፣ ነገር ግን አድገው ዕንቁላል ከመጣላቸው በፊት ለመድረስ ነው።

ዒላማው በሌለበት የመድኃኒቱን መጠን መጨመር ፋይዳ የለውም። በዚህ ተስፋ ቆርጦ ጋዝ ወይም የእርሻ ፀረ ተባይ ራስ ላይ ማፍሰስ ደግሞ ቅጫሙን ሳይሆን ሕፃኑን ለአደጋ ያጋልጣል። እናቲቱ ከወቀሳ ይልቅ የሁለተኛው ቅብ ቀን ተጽፎ ቢሰጣትና በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ቅጫሙን እንድታወጣ ብትመከር፣ ሕክምናው ግቡን ይመታል።