ተስፋ መቁረጥና ትዝታ በፍቅር ዘፈን ግጥሞች

ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ የምትገኘው ሁርሶ በጦር ማሠልጠኛዋ የታወቀች ናት። ወደዚያ የሚወርድ ምልምል ወዳጁን ትቶ ይሄዳልና፥ በዚያ ሜዳ የፍቅር እንጉርጉሮ ሰሚ አያጣም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ሰዎች፥ በእኛም በተማሪዎች መካከል ጭምር፥ እነዚህ ዘፈኖች ወጣቱን ተስፋ መቁረጥ ያስተምሩታል ብለው ይወቅሷቸዋል። ወቀሳው እውነት ከሆነ በዝምታ ሊታለፍ ስለማይገባው፥ የግጥሞቹን ቃል ጠጋ ብለን እንመልከት።

«ተስፋ ቆረጥሁ» ስንል ቆራጩ ተናጋሪው ራሱ ነው። «ትዝ አለችኝ» ስንል ግን አድራጊዋ የሄደችው ወዳጅ ናት፤ ተናጋሪው በ«ኝ» ብቻ ተመልክቶ ተቀባይ ሆኖ ይቀራል። ትዝታ ሳይጠሩት የሚመጣ ስለሆነ ነው ዘፋኙ እንደ እንግዳ ሰው ፊት ለፊት የሚያነጋግረው።

ሕመሙ የሚያርፍበትም ቦታ ልብ ብቻ አይደለም። ልብ በአማርኛ የማስተዋልም መቀመጫ ነው፤ «ልብ አድርግ» እንላለን። የመለየት ሐዘን ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሆድና ወደ አንጀት ይወርዳል፤ ሆድ ይብሳል፥ አንጀት ይላወሳል። «ሆዴ» ደግሞ የፍቅር መጥሪያ ነው። የቆሰለው አካልና የተወደደው ሰው አንድ ስም መጋራታቸው ለገጣሚ ምን ያህል እንደሚመች መናገር አያሻም።

የትዝታ ግጥም በአብዛኛው በወል ቤት፥ ማለትም ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይሰካል። ብዙ ጊዜ የፊተኛው ስንኝ የአገር ወይም የቤት ነገር ያነሣል፤ ምሥጢሩ በሁለተኛው ይወጣል። ለማስረዳት ያህል እኛው የገጠምነው እነሆ፦

ሁርሶ ላይ አቧራ ነፋስ የሚያነሳው፤
የትናንትናውን ሆዴ መቼ ረሳው።

ወዳጅ ለምን እንደተለየች እዚህ ላይ አልተነገረም። ከዳችን? ሞተችን? ወይስ ምልምሉ ራሱ ነው የሄደው? ምክንያቱ መተዉ ግጥሙን ለብዙ ሰሚ ያበቃዋል፤ ዋናው ብልሃትም ይህ ይመስለናል።

ዘፈኖቹ ከወታደር ቤት ጋር መቀራረባቸውም ያለ ነገር አይደለም። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘፍነዋል። በድሬዳዋ ከአፍረን ቀሎ ጋር የጀመረውና በኦሮምኛ ዘፈኖቹ የገነነው፥ በ2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራም በዚያው ኦርኬስትራ አልፏል።

ሞትን የሚለምኑ ግጥሞች መኖራቸውን አንክድም፤ አንዳንዶቹም በእኛ አስተያየት ከልክ ያለፉ ናቸው። ነገር ግን እነዚያም ቢሆኑ ይሰማል ለተባለ «አንቺ» ወይም «አንተ» ይነገራሉ እንጂ ለባዶ ቤት አይደለም። ማሕሙድ በፈረንጆች 1975 ያሳተመው ሸክላ መጠሪያም «ኧረ መላ መላ» ነው፤ መላ የሚጠይቅ ሰው ገና ተስፋውን አልቆረጠም።