ያውቁ ኖሯል?

የሐይቆች ሁሉ ጥልቅ። በሳይቤሪያ፣ ሩሲያ የሚገኘው የባይካል ሐይቅ 1,642 ሜትር ይጠልቃል። በምድር ገጽ ላይ ካለው፣ በረዶ ካልሆነውና ጨው ከሌለበት ውሃ አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆነውን የያዘው ይህ አንድ ሐይቅ ነው።

ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጦርነት። የዓድዋ ድል በተገኘበት በ1896 (እ.ኤ.አ.) ብሪታንያና ዛንዚባር ተዋግተው ነበር። የዛንዚባሩ ሱልጣን ሲሞቱ ኻሊድ ቢን ባርጋሽ ያለ ብሪታንያ ፈቃድ ቤተ መንግሥቱን ያዘ። ነሐሴ 27 ጠዋት የተሰጠው ቀነ ገደብ ሲያልፍ የብሪታንያ መርከቦች ቤተ መንግሥቱን በመድፍ ደበደቡት፤ ኻሊድም ሸሽቶ ጀርመን ቆንስላ ገባ። በታሪክ አጭሩ ጦርነት የሚባለው ይኸው ነው።

በርበሬ ከወዴት መጣ? የዶሮ ወጥን የሚያቀላው በርበሬ መነሻው አሜሪካ አህጉር ነው። ወደ ሌላው ዓለም የተሰራጨው ኮሎምበስ በ1492 ውቅያኖሱን ከተሻገረ በኋላ ነው። የጣሊያን ሱጎ ያለ እሱ የማይታሰበው ቲማቲምም የመጣው ከዚያው ነው።

ሞና ሊዛ በእንጨት ላይ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ይህን ሥዕል የሣለው በሸራ ሳይሆን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው። በ1911 ቪንቼንዞ ፔሩጃ የተባለ ጣሊያናዊ፣ ቀድሞ ይሠራበት ከነበረው ከፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ሰረቀው። ሥዕሉ የተገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሌባው ፍሎረንስ ውስጥ ሊሸጠው ሲሞክር ነው።